ስለ ወሎ ዘፈንና ጭፈራ የሚባለውና እውነታው

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሠርግ ላይ ኪቦርዱ ሲጀምር «ይሄማ የወሎ አይደለም» የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን «ዘመናዊ ሆነ» ከማለት አያልፉም። እስቲ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የዘፈን ስሞች ናቸው»

በእነዚህ ስሞች የሚጠሩ ዘፈኖች አሉ፤ ስሞቹ ግን የቅኝትም ናቸው። ቅኝት ማለት ዘፈኑ የሚረግጣቸው አምስት ድምፆችና ከአምስቱ ማረፊያ የሚሆነው ድምፅ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። በባቲ ቅኝት ስለ ባቲ አንዲት ቃል ሳይነሳ ሙሉ ዘፈን ይወጣል።

«ቅኝቶቹ የወሎ ብቻ ናቸው»

ባቲ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለ አገር ነው። ትዝታና አንቺሆዬ ግን የቦታ ስም አይደሉም፤ አራቱም በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ ይዘፈንባቸዋል። ወሎዬ ቢኮራ አይፈረድበትም፤ ባለርስቱ እኔ ብቻ ነኝ ካለ ግን ጎረቤት ይስቅበታል።

«አምባሰልና ትዝታ ማይነር ያው ናቸው»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቾችን የሚያሳስተውም ግማሽ መሆኑ ነው። ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ይዛችሁ ማረፊያውን ሶል ላይ አድርጉት፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። አምባሰል ሆነ። ከአምስቱ አንድም አልተነካም፤ የተለወጠው ዜማው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ድምፅ ነው። ዘፋኟ ሶል ላይ ልታርፍ ስትል ኪቦርዱ ዶ ላይ ከዘጋ አምባሰሉ ሳይታሰብ ትዝታ ይሆናል። ሽማግሌው የሚሰሙት ይህንን ነው።

ሌላው ችግር ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ነው። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሚ ፍላትም ሆነ ሚ ውስጡ የለም። የኪቦርዱ አውቶማቲክ አጃቢ ዶ ማይነር ወይም ዶ ሜጀር ሲመታ ከቅኝቱ ውጭ የሆነውን ድምፅ እየደጋገመ ያስገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አጃቢውን አጥፍቶ በግራ እጅ ዶና ሶልን ብቻ መያዝ።

ክራር ተጫዋቹ ይህ ጣጣ የለበትም። ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ ለአምስቱ ድምፆች፣ ስድስተኛው ለመጀመሪያው ድምፅ ድጋሚ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ለመሄድ ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል።

«ድሮ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ነበር የሚመቱት»

የባህል ባንድ የምንለው ስብስብ በዚህ መልኩ የመድረክ ልጅ ነው። አዝማሪ በባለ አንድ ጭራ ማሲንቆው ብቻውን ዘፋኝም አጃቢም ነበር፤ ዋሽንት ደግሞ ባብዛኛው የእረኛ መሣሪያ ነው። ከየአካባቢው የተለያዩ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተቋቋመው በ1963 እ.ኤ.አ. ነበር። በደርግ ዘመን ኪነት ቡድኖች ይህን አሠራር ወደ ክፍለ ሀገር አወረዱት፤ ማሪቱ ለገሰን ያወጣው የወሎው ላሊበላ ኪነት ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ «ባህላዊ» እያልን ከኪቦርድ የምንከላከለው ድምፅ ራሱ ያኔ አዲስ ነበር ማለት ነው። የክራሩ ክርም ቢሆን ከጅማትና ከአንጀት ወደ ናይለን ዞሯል፤ ስለዚህ ማንም አልጮኸም።

«መንዙማም የጭፈራ ሙዚቃ ነው»

አይደለም። ድቤና ጭብጨባ ስላለው ከሩቅ ይመስላል እንጂ የሙስሊሞች ውዳሴና ዱዓ ነው። የመንዙማን ዜማ ወስዶ ሠርግ ላይ መጨፈሪያ ማድረግ ወሎ ውስጥ ያስቀይማል።

«ጭፈራው የተበላሸው ዘፈኑ ስለፈጠነ ነው»

የሚያበላሸው ፍጥነቱ አለመለዋወጡ ነው። ከበሮ መቺ የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ነው የሚመታው፦ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ እስክስታው ሲሞቅ ያፋጥናል። ኪቦርዱ ግን በጀመረበት ይጨርሳል። ካሴትም የራሱን አድርጓል፤ 60 ደቂቃ በሚይዝ ካሴት አሥር ዘፈን ሲገባ ለአንዱ የሚደርሰው 6 ደቂቃ ነው፣ በዚህ ውስጥ ቀስ ብሎ የማሞቂያ ጊዜ የለም።

ከዚህ የባሰው ሪትም ሲሳት ነው። የእስክስታው ምት፣ ችክችካው፣ ባለ 6/8 ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ተብሎ ሲቆጠር አንድና አራት ላይ ይጫናል። ከኪቦርዱ ዝግጁ ምቶች (ስታይል) በአራት የሚቆጠረው ባለ 4/4 ከተመረጠ ትከሻው የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ ሰውም መጨፈሩን ትቶ መዝለል ይጀምራል። 6/8 ይመረጥ፤ ከዘፈኑ አጋማሽ በኋላ ቴምፖው (የፍጥነቱ ቁጥር) ሁለት ሁለት እየተባለ በእጅ ይጨመር። በአንዴ አሥር ከተጨመረ ጭብጨባው ይበተናል።