«በቴሌቪዥን ታይቷል» ማለት ተጣርቷል ማለት አይደለም፦ ስለ ቴሌቪዥን ግብይት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት የጎጃም ከተሞች ዲሽ ያልተተከለበት ሰፈር የለም። ከሰዓት በኋላ ቡናው እየተፈላ ቴሌቪዥን ሲከፈት በድራማው መሀል አንድ ሰው ብቅ ይላል። የሽንኩርት መፍጫ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የወገብ ቀበቶ ወይም የፀጉር ቅባት እያሳየ «አሁኑኑ ይደውሉ» ይላል፤ ስልክ ቁጥሩ ከታች ተጽፏል። ብዙ ሰው ይደውላል፣ ዕቃውም በአውቶቡስ ይመጣል። አንዳንዱ ለዓመታት ያገለግላል፣ አንዳንዱ ሳምንት ሳይሞላው ይበላሻል። ስለዚህ ግብይት በየቤቱ ከሚባለው ብዙው ግን ልክ አይደለም፤ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ያመነውን ይዞ ነው።

«ቴሌቪዥን ላይ ከወጣ ጣቢያው አጣርቶታል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት ይኼ ነው።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን አገሩ የሚያየው የመንግሥትን ጣቢያ ብቻ ስለነበር በዚያ የወጣ ነገር ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ያህል ይታመን ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የግል የሳተላይት ጣቢያዎች መጡ፤ ምርጫው በዛ፣ ማስታወቂያውም በዛ። ወላጆቻችን ግን በስክሪኑ ላይ ያላቸው እምነት እንደነበረ ቀረ።

በዓለም ላይ በቴሌቪዥን የሚሸጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ጣቢያው ራሱ ነጋዴ የሆነበት ነው። የአሜሪካው ኪውቪሲ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ዕቃውን ይመርጣል፣ በራሱ የጥራት ክፍል ያስፈትሻል፣ በራሱ ስም ይሸጣል፣ ገዢው ካልወደደው በ30 ቀን ውስጥ ይቀበላል። ዕቃው ቢበላሽ ስሙ የሚጠፋው ጣቢያው ነው። ሁለተኛው ጣቢያው ሰዓቱን የሚያከራይበት ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጣቢያ በሰዓት የሚያስተላልፈው ማስታወቂያ ገደብ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ገደቡ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ጣቢያዎቹ ተመልካች የሌለበትን የሌሊት ሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየቆረጡ ለሻጮች ሸጡት። ፕሮግራም የሚመስሉት ረጃጅም ማስታወቂያዎች የበዙት ያን ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ጣቢያው ዕቃውን በእጁ እንኳ ላይነካው ይችላል።

እኛ ጋ የሚታየው ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ነው። የእኛ ጣቢያዎች የሚሸጡት ደቂቃ ነው፤ ምጣዱን የሚሸጠው ሌላ ሰው ነው።

ፍኖተ ሰላም ያለችው አክስቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ስታዝዝ አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋዋለች። ልጅቱ ትሕትናዋ አይጣል፤ «እማማ፣ ክፍያውን ያስገቡና ደረሰኙን ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ፣ ነገ መኪና ላይ ነው» አለቻት።

«እሺ የኔ ልጅ። ሱቃችሁ የት ነው?»

«ቴሌቪዥን ላይ ነን እኮ እማማ!»

አክስቴ ረካች፣ ብሩም ተላከ። ምጣዱ መጣና ሲሰካ በአንድ ወገን ብቻ ጋለ፤ እንጀራው ግማሹ ዓይን አውጥቶ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ቀረ። የሻጩ ስልክ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ ኋላ ጭራሽ ተዘጋ። ወደ ጣቢያው ስንደውል «እኛ ማስታወቂያውን ነው ያስተላለፍነው» አሉን፤ ያሉትም እውነት ነው። ስለዚህ ስልኩን ከማንሣት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ዕቃው የማን ነው? የሻጩ ስም፣ የንግድ ቤቱ አድራሻና የሚታወቅ ሱቅ ካልተነገረ ስክሪኑ ለማንም ዋስ አይሆንም።

«ይኼን ነገር የፈጠሩት በቴሌቪዥን ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው»

የተጀመረው በሬዲዮ ነው፤ ያውም ከዕዳ የተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1977 ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር በምትባል ከተማ ሎውል ፓክሰን የሚባል ሰው አንድ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው። ማስታወቂያ ያስነገረ ደንበኛ የሚከፍለው ገንዘብ አጣና በዕዳው ፈንታ 112 የኤሌክትሪክ የቆርቆሮ መክፈቻ አስረከበ። ፓክሰንም አቅራቢውን ቦብ ሰርኮስታን «በል አየር ላይ ሽጣቸው» አለው። የአንዱ ዋጋ 9.95 ዶላር ተባለ፤ አንድም ሳይቀር አለቁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ፓክሰን ከሮይ ስፒር ጋር ሆኖ ሐሳቡን በአካባቢው የኬብል ቴሌቪዥን ላይ አወጣው። በ1985 ሆም ሾፒንግ ኔትወርክ ተብሎ መላ አሜሪካን አዳረሰ። በማግስቱ ዓመት ጆሴፍ ሲግል ፔንሲልቬንያ ውስጥ ኪውቪሲን መሠረተ፤ የመጀመሪያ ዕቃው በ11.49 ዶላር የተሸጠ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚሰቀል ሬዲዮ ነበር። ሁለቱ ለሠላሳ ዓመት ሲፎካከሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2017 የኪውቪሲ ባለቤት ሆም ሾፒንግን ጠቅልሎ ገዛው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ የምይዘው 112ቱን ነው። ሻጩ ዕቃውን ቆጥሮ ተረክቧል፤ ክፍሉ ውስጥ ተደርድሮለታል፤ ሲያልቅ ማለቁን ያውቃል።

«‹ጥቂት ነው የቀረው› የሚሉት ሁልጊዜ ውሸት ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በድሮው የሆም ሾፒንግ አሠራር ዕቃው ስክሪኑ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነበር ማዘዝ የሚቻለው፤ ካለፈ አለፈ። ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን የማይዘጋው ለዚህ ነበር። በቀጥታ በሚተላለፉት ጣቢያዎች ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ያለው ፕሮዲዩሰር የስልክ ትዕዛዙን በየደቂቃው ያያል። ትዕዛዙ ከጨመረ በአቅራቢዋ ጆሮ «ቀጥዪ» ይላታል፣ ከቀዘቀዘ ወደ ሌላ ዕቃ ያዞራታል። ስክሪኑ ላይ የሚቀንሰው ቁጥር መጋዘን ካለው ዕቃ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድረ ገጽ ሲመጣና ዕቃን በፈለጉት ሰዓት ማዘዝ ሲቻል ይኼ ጥድፊያ በመጠኑ ረገበ።

በእኛ ጣቢያዎች የምናየው ግን በአብዛኛው ተቀድቶ የሚደጋገም ነው። ወር ሙሉ የሚታይ ቅጂ «ለዛሬ ብቻ» ሲል ቀን የለውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሦስት ቀን ቆይቶ መደወልና ያው ዋጋ መኖሩን መጠየቅ።

«የሚገዙት ሥራ የፈቱና በቀላሉ የሚታለሉ ሴቶች ናቸው»

ይኼን ስሰማ እናደዳለሁ። ንግዱ በተወለደበት አገር እንኳ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የሚኖሩት በነባር ደንበኛ ነው። አብዛኛው ሽያጫቸው ተመላልሶ ከሚገዛ ሰው ይመጣል፤ አንዴ የተታለለ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይደውልም።

የእኛን አገር ደግሞ ከገበያው ርቀት ተነሥተን እንየው። ቢቸና ወይም ሞጣ ያለች የፀጉር ቤት ባለቤት የምትፈልገው ማድረቂያ ከተማዋ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ደብረ ማርቆስ ብትሄድ አንድ ዓይነት ታገኛለች፣ እሱም ሻጩ በፈለገው ዋጋ ነው። አዲስ አበባ ለመሄድ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፣ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የሁለት ቀን ሥራ መተው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሰንብቷል፤ መሄድ ስለፈለጉ ብቻ አይኬድም። ዕቃው ሲሠራ በዓይኗ አይታ፣ ዋጋውን ሰምታ፣ በአውቶቡስ ብታስልክ ስሌቷ ልክ ነው። መምህሩም የሱቅ ነጋዴውም እንዲሁ ያደርጋሉ። የሚጎድላት ማስተዋል አይደለም፤ ዕቃው ሲበላሽ የምትመልስበት በር ነው።

«ኢንተርኔት መጥቶ ይኼን ንግድ ገደለው»

በአሜሪካ ኬብል የሚያቋርጠው ሰው ሲበዛ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ገበያ ቀንሷል፤ ይኼ እውነት ነው። የሽያጩ ዘዴ ግን ቤት ቀየረ እንጂ አልሞተም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በቴሌቪዥን የሚሸጡ ጣቢያዎችን ከፍታ ስትሸጥ ቆይታለች። ቻይና ውስጥ ታኦባኦ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀጥታ ሥርጭት ገበያውን ሲከፍት ያደረገው የፓክሰንን ነገር ነው፦ አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ይቀመጣል፣ ያሳያል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይሸጣል። ለውጡ ጥያቄው በስልክ መምጣቱ ቀርቶ በጽሑፍ መምጣቱ ነው፤ ሻጭ ለመሆንም ስቱዲዮ አያስፈልግም፣ ስልክና መብራት ይበቃል።

እኛ ጋ ይኼ በቲክቶክ ላይቭና በቴሌግራም ቻናል ገብቷል። «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ «ለክልል በመኪና እንልካለን» የሚሉትን የማያውቅ ወጣት የለም። ክፍያውንም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አቅልሎታል፤ ባንክ ቤት መሰለፍ ቀርቷል። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ አንድ የተለየ ነገር አለ። የሞባይል ዳታ ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የቴሌግራሙ ሱቅ አብሮ ተዘጋ፤ በዲሽ የሚመጣው ማስታወቂያ ግን አልተቋረጠም። አልቋል የተባለው ቴሌቪዥን ብቻውን ሻጭ የሆነበት ወቅት ነበር።

ላይቩ አንድ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ገዢ ሊጠይቅ ይችላል። «እስቲ ሰክተህ አሳየኝ»፣ «ጀርባውን አዙረው» ማለት ይቻላል። የተቀዳ ማስታወቂያ ይኼን አያደርግም። የሚብስበትም አለ፤ ቻናሉ በአንድ ሌሊት ስሙን ቀይሮ ሊጠፋ ይችላል።

«መድኃኒት ከሆነ ፈቃድ ባይኖረው አይተላለፍም ነበር»

በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚመጣው «ቅባት»፣ «ሻይ»፣ «ቀበቶ» ወይም «የተፈጥሮ ቅመም» ተብሎ ነው። ስኳር አድናለሁ፣ ደም ግፊት አጠፋለሁ የሚል ሻጭ ስክሪን ላይ ሲታይ ማንም መርምሮ አሳለፈው ማለት አይደለም። የ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ክልከላው መኖሩ ግን በየዕለቱ የሚተላለፈውን ሁሉ አንድ ሰው ተቀምጦ ያጣራል ማለት አይደለም። እናት አባቶቻችን በዚህ የተነሣ ኪኒናቸውን ሲያቋርጡ ዝም ብለን ማየት የለብንም።

«ከአስመጪው በቀጥታ ስለሆነ ርካሽ ነው»

የአየር ሰዓቱን ኪራይ፣ የማስታወቂያውን ቀረጻና ስልክ የምታነሣዋን ልጅ የሚከፍለው ዋጋው ነው። የመኪና መላኪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጨመራል። ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ላለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደውሎ ያንኑ ዕቃ ማስጠየቅ ምንም አያስወጣም።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ይኼ ዓረፍተ ነገር በየሱቁ ግድግዳና በየደረሰኙ ግርጌ ስላለ ሕግ ይመስላል፤ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጩ የበለጠ ዋስትና ከሰጠ ደግሞ የበለጠው ይሠራል።

ችግሩ መብቱን የሚያስከብረው ማስረጃ ነው። አክስቴ በእጇ የነበራት በአንድ ግለሰብ ስም የተላከ የባንክ ወረቀት ብቻ ነበር። የዕቃው ስም የለበትም፣ የንግድ ቤቱ ስም የለበትም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለበትም። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢኬድ የሚከሰሰው ማን እንደሆነ እንኳ ማሳየት ከባድ ነው። ስለዚህ «በግል ሂሳቤ አስገቡልኝ» ለሚል ሻጭ መልሱ «በድርጅቱ ስም ይሁንና ደረሰኙን ከካርቶኑ ጋር ላኩልኝ» ነው። እምቢ ካለ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ቀኑ ያጥራል። 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው፤ መንገድ ላይ ያለፈው ቀን ከዚያው ይቀነሳል። ካርቶኑ መናኸሪያ እንደደረሰ ረዳቱ ሳይሄድ መክፈት፣ የተሰበረ ካለ እዚያው ፎቶ ማንሣት፣ ቤት እንደገቡ በዚያው ቀን ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል። ዕቃውን ለበዓል ብሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የመመለሻ ጊዜው እዚያው ያልቅበታል።