ሌይኮክ፦ ደብሯ ቂርቆስ የሆነች የእንግሊዝ መንደር

ሌይኮክ አራት መንገድ ናት። ሃይ ስትሪት፣ ዌስት ስትሪት፣ ቸርች ስትሪትና ኢስት ስትሪት ገጥመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ፤ መንደሯ በቃ ይቺው ናት። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ብዙም ሳይቆይ ዞሯት ይጨርሳል። ያለችው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሸር አውራጃ፣ ከቺፐንሃም ከተማ በስተደቡብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በኤቨን ወንዝ ዳር ነው። ስሟም ከውሃ የመጣ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ትንሽ ጅረት» ማለት ነው። ጅረቱ ዛሬም በመንደሩ መሀል ይወርዳል። መኪና ውሃውን ረግጦ ይሻገራል፣ እግረኛ ደግሞ በጠባቧ የድንጋይ ድልድይ ያልፋል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩባት ባዝ ከተማ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። መኖሪያቸው የነበረውን ፌርፊልድ ሃውስን ሊያይ ባዝ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ወደ ሌይኮክ ጎራ ቢል፣ የደብሩን ስም ሲያነብ ቆም ማለቱ አይቀርም፦ ቅዱስ ቂርቆስ። አዎ፣ ያው የኛው ቂርቆስ፣ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕት የሆነው ሕፃን። በእንግሊዝ በስሙ የሚጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት ናቸው። እኛ ዘንድ ታሪኩ ሲነሳ የፈላው ውሃና መልአኩ ገብርኤል አብረው ይነሳሉ፤ ሐምሌ 19 ቁልቢ በሕዝብ የሚሞላውም ለዚሁ መታሰቢያ ነው። በምዕራቡ ትውፊት ግን የጠርሴስ ገዢ ሕፃኑን ከደረጃ ላይ ወርውሮ እንደገደለው ይተረካል። ስሙ እዚህ ድረስ ዘልቆ በአንድ የገጠር ደብር ላይ ማረፉ እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

(ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1086 ንጉሥ ዊልያም የአገሩን መሬት ሁሉ ሲያስመዘግብ ሌይኮክም መዝገቡ ውስጥ ገብታለች። ሁለት ወፍጮና አንድ የወይን ቦታ ነበራት። መንደሯን ለወግ ያበቃት ግን ገዳሙ ነው፤ ገዳሙን የተከለችው ደግሞ የሶልዝበሪ ባለርስት የነበረችው ኤላ ናት። ባሏ ዊልያም ሎንግስፔ፣ የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በ1226 ሞተ። ኤላ ዳግም አላገባችም። የዊልትሸር ሸሪፍ ሆና አውራጃውን አስተዳደረች፤ በዚያ ዘመን ለሴት ይህ ብርቅ ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን 1232 ጠዋት የሌይኮክን የሴቶች ገዳም መሠረት ጣለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሂንተን ወደሚባል ስፍራ ሄዳ የወንዶች ገዳም መሠረት ጣለች። ቆይታ እሷም መነኮሰች፣ የሌይኮክ እመ ምኔት ሆነች፣ በ1261 አርፋ እዚያው ተቀበረች።

በኤላ ምክንያት ሌይኮክ አንድ ትልቅ ሰነድ ለዘመናት አቅፋ ኖራለች። ማግና ካርታ፣ ንጉሥም ለሕግ እንደሚገዛ የተጻፈበት ሰነድ፣ በ1225 እንደገና ሲወጣ ቅጂው ለየአውራጃው ተልኮ ነበር። የዊልትሸሩ ቅጂ የተቀመጠው በዚህ ገዳም ነው። ዛሬ ያለው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲዘጋ የሌይኮክም ተራ በ1539 ደረሰ። ቦታውን የገዛው ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል ባለሥልጣን ነው። የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፈረሰው። የሴት መነኮሳቱን የታችኛውን ክፍሎችና ባለ ቅስቱን መተላለፊያ ግን ሳይነካ ተወው፤ መኖሪያውን ከላያቸው ላይ ሠራ፣ ጥግ ላይም ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ አቆመ። ስለዚህ ሕንፃው እስከ ዛሬ ታችኛው ገዳም፣ ላይኛው የመኳንንት መኖሪያ ነው። ሻሪንግተን በብሪስቶል የገንዘብ ማተሚያም ሹም ነበር። ሳንቲም ክብደቱን እያጎደለ ኪሱን ሲሞላ በ1549 ተያዘ። ጥፋቱን አምኖ ምሕረት አገኘ፣ ርስቱንም በገንዘብ መልሶ ገዛው። ከሱ በኋላ ቤቱ በጋብቻ ወደ ታልቦት ቤተሰብ ተላለፈ።

ከታችኛው ክፍሎች በአንዱ፣ ሴት መነኮሳቱ እሳት ይሞቁበት በነበረው፣ ትልቅ የነሐስ ድስት ተቀምጧል። በ1500 ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው በሜኽለን ከተማ የተሠራ ነው። የሃሪ ፖተር ፊልሞች እነዚህን ክፍሎች የአስማት ትምህርት ቤት አድርገው ስላሳዩ ብዙ ጎብኚ ድስቱን የሚያየው በዚያ ዓይን ነው። የቂርቆስን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ግን የሚመጣበት ሌላ ነው።

መንደሯ የከበረችው በበግ ፀጉር ነው። ከለንደን ወደ ባዝ የሚወስደው የጨርቅ ነጋዴ መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር፤ ቤቶቹም የፈታይና የሸማኔ ቤቶች ነበሩ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአስራት ጎተራ አሁንም ቆሟል። ጭሰኞች ለገዳሙ የሚከፍሉት እህል፣ ቆዳና የበግ ፀጉር የሚገባው እዚያ ነበር። ከጎተራው አጠገብ ጣሪያው ጉልላት የመሰለ፣ መስኮት አልባ ትንሽ የድንጋይ ክፍል አለ። ሰክሮ የበጠበጠ ሰው እዚያ ተቆልፎበት ያድር ነበር።

ወደ ጆርጅ መጠጥ ቤት ገብቶ የድሮውን ምድጃ ማየት ግን የግድ ነው። ቤቱ ከ1361 ጀምሮ እንደሚሠራ ይነገራል። ከምድጃው ጎን፣ ከፍ ብሎ፣ እንደ ጋሪ እግር ያለ ውስጡ ባዶ የእንጨት መንኮራኩር ተሰቅሏል። እዚያ ውስጥ ውሻ ይገባል። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚረባ ዘር ነበር። ውሻው ሲሮጥ መንኮራኩሩ ይዞራል፣ መንኮራኩሩ ሲዞር እሳቱ ላይ ያለው ሥጋ የተሰካበት ብረት ይሽከረከራል። በሬ የኑግ መጭመቂያ እንደሚያዞር ማለት ነው። ሥጋው እስኪበስል ሰዓታት ይፈጃል፤ እንስሳው ያን ሁሉ ጊዜ እሳት ዳር ሆኖ ይሮጣል። ዛሬ ያ የውሻ ዘር ጠፍቷል፣ መንኮራኩሩ ብቻ ቀርቷል።

የጨርቁ ሥራ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሲሄድ መንደሯ ደኸየች። በእኔ እምነት ያዳናት ይኸው ነው። አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ አልነበረም፤ መሬቱም ለብዙ ሰው ሳይበተን በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆየ።

ያ ቤተሰብ ለዓለም ያበረከተው ነገር ደግሞ በገዳሙ ቤት ደቡብ ግድግዳ ላይ ባለ አንድ መስኮት ይታያል። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የሒሳብና የኬሚስትሪ ሰው ነበር። በ1833 ጫጉላ ላይ ሳለ ጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ዳር ሥዕል ሞከረ፤ እጁ አልታዘዘው አለ። ብርሃን ራሱ ወረቀት ላይ ቢስልልኝስ ብሎ ያሰበው ያኔ ነው። ቤቱ ተመልሶ ወረቀት በጨው ውሃ እየነከረ፣ ሲደርቅ የብር ናይትሬት እየቀባ መሞከር ጀመረ። እንዲህ የተቀባ ወረቀት ብርሃን ሲያርፍበት ይጠቁራል። ትንንሽ የእንጨት ሳጥን ሌንስ ገጥሞ በየቦታው ያስቀምጥ ነበር። ሚስቱ ኮንስታንስ ሳጥኖቹን «የአይጥ ወጥመድ» ብላቸዋለች።

ኦገስት 1835 አንዱን ሳጥን ወደዚያ መስኮት አዞረው። የወጣው ምስል ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማውም ብርሃን ሆኖ የተገለበጠ ነው፤ ኔጌቲቭ የሚባለው ይኸው ነው። ታልቦት አጠገቡ ማስታወሻ ጽፎበታል፦ እንደተነሳ ሰሞን 200 የሚያህሉትን የመስኮት መስታወቶች በማጉያ መቁጠር ይቻል ነበር ይላል። ከካሜራ ከወጡ ኔጌቲቮች እስከ ዛሬ የተረፈ ከዚህ የሚቀድም አይታወቅም። በዚያው ዘመን በሌላ ዘዴ ፎቶ ያነሳ የነበረው የፈረንሳዩ ዳጌር ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ አይባዛም። ከታልቦት ኔጌቲቭ ግን የፈለጉትን ያህል ቅጂ ማተም ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የፊልም ፎቶግራፍ ሁሉ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። ኔጌቲቩ አሁን ብራድፎርድ ሙዚየም ውስጥ አለ። ሌይኮክ ገዳም በር ላይም በስሙ ሙዚየም ተከፍቷል፣ መቃብሩም እዚሁ መንደር ነው።

የልጅ ልጁ ማቲልዳ ታልቦት በ1944 ገዳሙንና መንደሯን ከነቤቶቿ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ማኅበር ሰጠች። ማግና ካርታውንም ለብሪቲሽ ሙዚየም የሰጠችው እሷ ናት፤ የዛሬው ብሪቲሽ ላይብረሪ ያኔ የሙዚየሙ ክፍል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ነዋሪ ቤቱን የሚከራየው ከማኅበሩ ነው። በመንገዶቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ጣሪያ ላይም አንቴና ተተክሎ አይታይም። ይህ ለፊልም ሠሪ የተዘጋጀ ሜዳ ነው፤ ለነዋሪው ግን የጎብኚን ግርግር ችሎ መኖርን ይጠይቃል።

ደብሩም የራሱ ፈተና ነበረበት። ቂርቆስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በወርቅ የተለበጠ ባለ ክዳን የብር ጽዋ ነበረው። መጀመሪያ የግብዣ ዋንጫ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ስላልነበረ እንግሊዝ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን በተለየችበት በተሐድሶው ዘመን ከመቅለጥ ተረፈ። በኋላ ለደብሩ ተሰጥቶ ለዘመናት ምእመናን ቆርበውበታል። ሕንፃው እድሳት ሲያስፈልገው ጽዋው ይሸጥ የሚል ሐሳብ መጣ። መንደሩ ተከፋፈለ፣ ጉዳዩ እስከ ቤተ ክህነት ችሎት ደረሰ። በ2013 ብሪቲሽ ሙዚየምና የዊልትሸር ሙዚየም በጋራ በ1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። ለቂርቆስ አምሳያው ተሠርቶለታል።