የመከታተያ ቁጥርና የጥቅል ጉዞ በመሃል አዲስ አበባ

የመከታተያ ቁጥር፣ በብዙዎች አፍ «ትራኪንግ ነምበር»፣ በጥቅል ላይ ተለጥፎ በየጣቢያው በስካነር የሚነበብ መለያ ነው። ዕቃው አሁን የት እንዳለ አይናገርም፤ የሚናገረው መጨረሻ የተነበበው የትና መቼ እንደሆነ ብቻ ነው። ከውጭ አገር በኢንተርኔት ዕቃ ያዘዘ ሰው የሚደናገጥበት አብዛኛው ነገር የሚመነጨው ይህን ካለመለየት ነው። ከፒያሳ እስከ ለገሃር፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ጥቅል የሚደርሰው በፖስታ፣ በኩሪየር ወይም በአየር ካርጎ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው የቁጥር ቅርጽ፣ የየራሳቸው የመልእክት ቋንቋና የየራሳቸው ተጠያቂ አላቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን አይቶ መንገዱን መለየት ያስፈልጋል። ከከተማው የቴሌግራም ሱቆች የሚገዛ ዕቃ ግን በአብዛኛው ቁጥር የለውም፤ መከታተያው የሞተረኛው ስልክ ነው።

የፖስታው መሠረት

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ አዋጅ ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙ ሲሆን ሰባት ዓይነት ነበሩ። ዋጋቸው ዝቅ ያለው አራቱ፣ ከሩብ እስከ 2 ግርሽ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ያሉት፣ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፤ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሾቹ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ዛሬም በሰብሳቢዎች ዘንድ የተከበሩ፣ የአገሪቱን ስም በራሷ ፊደል ወደ ዓለም የወሰዱ ቴምብሮች ናቸው። ይሁንና በዚያ ዘመን ከድንበር ባሻገር ዋጋ አልነበራቸውም፤ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ የጅቡቲው የፈረንሳይ አስተዳደር ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ይህ የተለወጠው ኢትዮጵያ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ነጻ የአፍሪካ አገሮች በጣት በሚቆጠሩበት ጊዜ ከኃያላኑ እኩል በአንድ የፖስታ ሕግ መተዳደር ቀላል ነገር አልነበረም።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከጅቡቲ የሚመጣው ፖስታም በሃዲድ መድረስ ቻለ። በጣሊያን ወረራ የተቋረጠው የኢትዮጵያ ፖስታ አስተዳደር ከነጻነት በኋላ ሥራውን ቀጠለ። ተቋሙ አሁን ኢትዮ ፖስት ይባላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ቸርችል ጎዳና ላይ ሲሆን ሰፈሩም ስሙን ከእሱ ወስዷል፤ የታክሲ ረዳቱ «ፖስታ ቤት!» ብሎ ሲጣራ ተሳፋሪው የትኛው ፖስታ ቤት ብሎ አይጠይቅም። የፖስታ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ቻይና፣ ጓንጁ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ቸርችል ጎዳና ላይ በቀጥታ ሊነበብ የቻለው ከዚያ ከ1901ዱ አባልነት በተወረሰው የጋራ ሥርዓት ነው።

ባለ 13 ምልክቱ ቁጥር

ኅብረቱ ለጥቅል መለያ ያወጣው ደረጃ ኤስ10 ይባላል። በዚህ ደረጃ የተሠራ ቁጥር 13 ምልክት አለው፦ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ስምንት አሃዞች፣ አንድ ማረጋገጫ አሃዝ፣ በመጨረሻም ሁለት የአገር ፊደላት። የመጀመሪያው ፊደል «አር» ከሆነ የአደራ መልእክት፣ «ሲ» ከሆነ መደበኛ ጥቅል፣ «ኢ» ከሆነ ኢ.ኤም.ኤስ. (የፖስታው ፈጣን መልእክት)፣ «ቪ» ከሆነ ዋስትና የተገባለት መልእክት ነው። «ዩ» ያለበት ለብቻው መታየት አለበት፤ ባርኮዱ የተለጠፈው በዋናነት ለጉምሩክ መረጃ ስለሆነ መድረሻው አገር እንዲያነበው ግዴታ የለበትም። እንዲህ ያለ ጥቅል ከላኪው አገር ከወጣ በኋላ አንድም መልእክት ሳያሳይ ሳጥን ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት መድረሻውን የሚያመለክቱ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ የሚያመለክቱት ግን የተላከበትን አገር ነው። ከቻይና የመጣ በ«ሲ ኤን»፣ ከጀርመን የመጣ በ«ዲ ኢ» ያበቃል፤ «ኢ ቲ» የሚታየው ከኢትዮጵያ በሚላክ ላይ ነው።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በወረቀትና በእርሳስ ማረጋገጥ ይቻላል። ስምንቱ አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ይባዛሉ፤ ብዜቶቹ ተደምረው ድምሩ ለ11 ይካፈላል፤ ቀሪው ከ11 ይቀነሳል። ውጤቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ 5 ይወሰዳል። 12345678 የሚለውን ብንወስድ ድምሩ 204፣ ቀሪው 6 ይሆናል፤ 6 ከ11 ሲቀነስ 5 ይመጣል። ዘጠነኛው አሃዝ እንግዲህ 5 መሆን አለበት። ካልገጠመ ወይ ሲገለበጥ ስህተት ገብቷል፣ ወይም ሻጩ የሰጠው ቁጥር የፖስታ አይደለም። መስኮት ላይ ከመሰለፍ በፊት ይህን ማጣራት ግማሽ ቀን ያተርፋል።

መልእክቶቹ ምን ይላሉ

መረጃው ደረሰ፣ «ኢንፎርሜሽን ሪሲቭድ»፣ የሚለው የመጀመሪያ መልእክት ሻጩ የአድራሻ ወረቀቱን አትሟል ማለት ብቻ ነው፤ ዕቃው ገና መደርደሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ጉዞ የሚጀምረው ፖስታው ተረክቦ ሲያነበው ነው። ከዚያ ወደ ላኪው አገር የልውውጥ ቢሮ፣ ማለትም የውጭ ፖስታ ወደሚለይበትና ወደሚታሸግበት ቢሮ፣ ይገባል፤ «አውትዋርድ ኦፊስ ኦፍ ኤክስቼንጅ» የሚለው ይህ ነው። ከቢሮው ወጣ፣ «ዲፓርቸር»፣ ሲል ጥቅሉ በከረጢት ታሽጎ ለአየር መንገድ ሊሰጥ ተዘጋጀ ማለት እንጂ አውሮፕላኑ ተነሣ ማለት አይደለም። ረጅሙ ዝምታ የሚውለው እዚህ ላይ ነው። ከታሸገ በኋላ የሚነበበው የከረጢቱ ባርኮድ እንጂ የእያንዳንዱ ጥቅል አይደለምና፣ ከረጢቱ የጭነት ቦታ ሲጠብቅ ወይም መተላለፊያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲያድር ገዢው ስክሪን ላይ የሚያየው ያንኑ የድሮ መልእክት ነው።

«ኢንዋርድ ኦፊስ ኦፍ ኤክስቼንጅ» ገባ ሲል ከረጢቱ አዲስ አበባ ተከፍቶ ጥቅሉ ለብቻው ተነቧል። ቀጥሎ የሚመጣው «ሄልድ ባይ ካስተምስ» ሲተረጎም «ጉምሩክ ያዘው» ስለሚመስል ሰው ያስደነግጣል፤ በፖስታ ቋንቋ ግን ለፍተሻ ቀርቧል ማለት ነው፣ ውርስ አይደለም። እዚህ ደረጃ ላይ ለሚፈጠር መዘግየት ጥፋቱ የፖስታ ነው የሚሉ አሉ፣ የጉምሩክ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱን ለመለየት ከጉምሩክ ወጣ የሚለውን ቀን ማየት ይረዳል፤ ያ መልእክት ሳይመጣ ፖስታው ጥቅሉን የማስረከብ ሥልጣን የለውም።

«አራይቫል አት ዴሊቨሪ ኦፊስ» ከመጣ ጥቅሉ ማደያ ቢሮው ደርሷል። የአገራችን ፖስታ በዋናነት በፖስታ ሳጥን ስለሚሠራ ይህ መልእክት ሲታይ ቤት ተቀምጦ ከመጠበቅ ይልቅ መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው የሚሻለው። «አቴምፕትድ ዴሊቨሪ»፣ ማለትም ለማድረስ ተሞክሮ አልተሳካም፣ የሚለውም በአብዛኛው በር ተንኳኳ ማለት አይደለም፤ ስልክ ተደውሎ አልተነሣም ወይም የጥሪ ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱና ቀኑ ራሳቸውን የቻሉ ወጥመድ ናቸው። የቻይና ጣቢያዎች የሚጽፉት በራሳቸው ሰዓት ሲሆን ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። በቻይና 14:30 የሚለው አዲስ አበባ ላይ 9:30፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 ነው። «10/09» የሚል ቀን በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ መስከረም 29፣ በአውሮፓውያኑ ግን ጳጉሜን 5 ይሆናል። «እስከዚህ ቀን ካልወሰዱ ይመለሳል» በሚል ማስታወቂያ ላይ ይህ ልዩነት ዕቃ ያሳጣል።

አድራሻና ርክክብ

የሻጮቹ ቅጽ የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር፣ በመጀመሪያው ቦታ የራስን ስም፣ በመጨረሻው የአባትን መሙላት ይገባል። አያት የሚገባበት ቦታ ካለ ደግሞ ይጨመር፤ ከመታወቂያው ጋር ለማመሳከር ይጠቅማል። ትልቁ ችግር የላቲን አጻጻፉ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ በብዙ መልክ ይጻፋል፤ መስኮት ላይ የሚፈለገው ግን መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስለሆነ ፊደል በፊደል እሱን መገልበጥ ነው። ስልኩ ከ251 በኋላ 9 አሃዝ ይኖረዋል፣ መነሻው ዜሮ ይወጣል፤ 09 የነበረው በ9፣ 07 የነበረው በ7 ይጀምራል። ቅጹ የፖስታ ኮድ ካስገደደ የአዲስ አበባ 1000 ነው። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳና የቤት ቁጥር መጻፍ ለኩሪየር ይረዳል፤ ለፖስታ ግን ወሳኙ የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ነው። የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሲጠቀም ከስሙ ሥር የመሥሪያ ቤቱን ስም ካልጻፈ፣ ወረቀቱ ከመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባለቤት አጥቶ ይቀራል።

ቀረጥ

«ስጦታ» ተብሎ መጻፉ በራሱ ከቀረጥ ነጻ አያደርግም። ስሌቱ ተደራራቢ ነው፦ የጉምሩክ ቀረጥ በዕቃው ዋጋ፣ በማጓጓዣና በኢንሹራንስ ድምር ላይ ይሰላል፤ ኤክሳይዝ የሚከፈልበት ዕቃ ከሆነ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በመጨረሻም 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ግብር) በእስካሁኑ ድምር ላይ ይታሰባል። የዋጋው፣ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ድምር 10,000 ብር፣ ቀረጡ 20 በመቶ፣ ኤክሳይዙ ዜሮ ለሆነ ዕቃ ቀረጡ 2,000፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የ12,000 ብር 15 በመቶ ማለትም 1,800፣ ሱር ታክሱ የ13,800 ብር 10 በመቶ ማለትም 1,380 ይሆናል። በጠቅላላው 5,180 ብር ነው፤ ሌሎች ክፍያዎችና የአገልግሎት ዋጋ ሊጨመሩ ይችላሉ። ሱር ታክስ የማይመለከታቸው ዕቃዎችም አሉ። የግዢ ደረሰኝ አትሞ መያዝ ይጠቅማል፤ ጥቅሉ ላይ ያለው ዋጋ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ተማኙ የራሱን ግምት ይወስዳል።

ቀረጥ ክፈሉ የሚል የስልክ መልእክት ከማይታወቅ ቁጥር ሊንክ ይዞ ከመጣ አለመንካት ነው። ትክክለኛ ጥሪ የመከታተያ ቁጥሩን ይጠቅሳል፣ መስኮት ላይም ሊረጋገጥ ይችላል።

ኩሪየርና ካርጎ

የዲ.ኤች.ኤል. ኤክስፕረስ ቁጥር 10 አሃዝ፣ የፌዴክስ በአብዛኛው 12 አሃዝ ነው፤ የዩ.ፒ.ኤስ. ደግሞ በ«1ዜድ» ጀምሮ 18 ምልክት ይሞላል። በዚህ መንገድ የሚመጣ ዕቃ በየማረፊያው ለብቻው ስለሚነበብ ዝምታው አጭር ነው።

የአየር ካርጎ ከጓንጁና ከዱባይ ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ዋነኛው ነው። ቁጥሩ 11 አሃዝ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአየር መንገዱ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። ከተከታዮቹ ስምንት የመጨረሻው፣ ሰባቱ ለ7 ሲካፈሉ የሚቀረው ነው፤ 1234567 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ስለዚህ 12345675 ትክክል ነው። ዕቃ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ለደንበኛ የሚሰጡት የራሳቸውን ቁጥር ስለሆነ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ አይገኝም፤ «ማስተሩን»፣ ማለትም አየር መንገዱ ለጠቅላላው ጭነት የሰጠውን ቁጥር፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። «አር.ሲ.ኤስ.» ማለት አየር መንገዱ ከላኪው ተረክቧል፣ «ዲ.ኢ.ፒ.» ተነሥቷል፣ «አር.ሲ.ኤፍ.» ከአውሮፕላን ወርዶ ተቆጥሯል፣ «ኤን.ኤፍ.ዲ.» ተቀባዩ እንዲያውቅ ተደርጓል ማለት ነው። «አር.ሲ.ኤፍ.» አጠገብ ያለውን የካርቶን ብዛት ማየት ያሻል፤ 5 ተልኮ 3 ካለ ቀሪው በሌላ በረራ ይመጣል። «ዲ.ኤል.ቪ.» ተረከበ ሲል የተረከበው ትራንዚተሩ (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣው ወኪል) ሊሆን ይችላል።

ክፍያው በሚዛን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ካርቶኑ የሚይዘው ቦታም ወደ ኪሎ ተለውጦ ይታያል። 60 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 120,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው፤ በካርጎ ለ6,000 ሲካፈል 20 ኪሎ፣ በኩሪየር ለ5,000 ሲካፈል 24 ኪሎ ይሆናል። ሚዛን ላይ 12 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈለው በሚበልጠው ነው።

ጥቅል ሲጠፋ

በፖስታ የተላከ ጥቅል የሚፈለገው በሲ.ኤን.08 ቅጽ ሲሆን፣ መነሻው ብዙ ጊዜ የላኪው አገር ፖስታ ነው። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «በአገርህ ፖስታ ጥያቄ ክፈት» ማለት አለበት። ጊዜው ዕቃው ከተላከ ማግሥት ጀምሮ 6 ወር ነው። ዕቃው የተገዛባቸው የኢንተርኔት ገበያዎች ገንዘብ የሚመልሱበት ጊዜ ግን ከዚህ በጣም ሊያጥር ይችላል፣ ሻጩም «ትንሽ ታገሥ» እያለ ሊያሳልፈው ይችላል። ቅጹ ላይ የመከታተያ ቁጥሩ፣ የተላከበት ቀን፣ ክብደቱና የዕቃው ዝርዝር ይሞላሉ። ጥቅሉ ተቀዶ ወይም ጎድሎ ከተገኘ መስኮቱ ላይ እያሉ፣ ከመፈረም በፊት፣ በሠራተኛው ፊት አስመዝኖ ማስመዝገብ ይገባል፤ ተፈርሞ ከወጣ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ በማስረጃ ለመደገፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው።