መጋቢት ላይ ኒው ዮርክ መሄድ ውትወታ አይደለም

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሰበታ፣ የሴቶች ማኅበር በተሰበሰበበት ሁሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ሁኔታ ኮሚሽን ኒው ዮርክ የሚሰበሰብበት መጋቢት ሲቃረብ አንድ ነገር ይነሣል፦ «ኒው ዮርክ የሚሄድ ሰው ብናገኝ እኮ ጥያቄያችን መግለጫው ውስጥ ይገባ ነበር።» አይገባም። ሰዉ ደግሞ አሁንም ለቪዛ ይሯሯጣል።

የቤጂንግ የሴቶች ጉባኤ 30ኛ ዓመት የፖለቲካ መግለጫ ተቀባይነት ያገኘው ኮሚሽኑ ስብሰባውን በከፈተበት ዕለት፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ነው። ተሳታፊው የአንገት ባጁን ሳያጠልቅ የመግለጫው ቃል ተቋጭቷል ማለት ነው። ድርድሩ የሚካሄደው ቀደም ባሉት ሳምንታት ሲሆን፣ እዚያ የተቀመጠው ዲፕሎማት የሚናገረውን መመሪያ የሚቀበለው ከዋና ከተማው ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑን ተዉትና ታኅሣሥ ላይ ታክሲ ይዛችሁ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሂዱ። ረቂቁ ሲወጣ የአፍሪካ አገሮች በቡድን አቋም ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድን አገር ብቻውን ማስለወጥ ከባድ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት ስምንት ገጽ ብሶት አይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ አሁን ያለው ቃል፣ እንዲተካ የምትፈልጉት ቃል፣ መንግሥታት ያንን ቃል ከዚህ በፊት የተቀበሉበት ሰነድ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ተደራዳሪው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ የምትሸከም ሴት ጉዳይ ከሆነ የያዛችሁት፣ አዲስ ሐረግ አትፍጠሩ፤ የቤጂንጉ ሰነድ የጤና ክፍል ስለ ንጹሕ ውሃ የሚለው አለ፣ እሱን ጥቀሱ። አዲስ ሐረግ ወዲያው ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ቅንፍ ማለት «ገና አልተስማማንም» ነው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ይሰረዛል።

«ዝም ካልን አልተስማማንም» የሚሉም አሉ። ድርድሩ ላይ ተቃራኒው ነው። ድርድሩን የሚመራው አመቻች ጽሑፉን በቀነ ገደብ ይልካል፤ እስከዚያ የተቃወመ ከሌለ አለቀ። ገደቡ ኒው ዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሆነ፣ በክረምታቸው እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የሚመለከተውን ባለሙያ ስልክ በዋዜማው ያዙ።

«ሎቢ (ውትወታ) ጉቦ ነው።» አይደለም፤ ጉቦ ከሆነ ወንጀል ነው፣ ስሙም ሌላ ነው።

«ተፈርሞብናል» ለሚሉት፣ መግለጫ አይፈረምም። የ1995ቱን (እ.ኤ.አ.) የቤጂንግ መግለጫ 189 መንግሥታት ተቀበሉት እንጂ አላጸደቁትም። በሕግ የሚያስገድደን ኢትዮጵያ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የማስወገድ ስምምነት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል።

«ዋናው የእኛ አንቀጽ መግባቱ ነው» ብሎ መጨፈርም አለ። ግሱን እዩት፤ «ያሳስባል» እና «ያበረታታል» አንድ አይደሉም። ከዚያ የአንቀጹን ጅራት እዩ። የመጨረሻው ሌሊት ላይ «እንደ አግባቡ» የምትል ሐረግ ተቀጥላ ከሆነ፣ ግዴታው በሩን ከፍቶ ወጥቷል።