ጉልበት በምግብና በመኝታ ሲለወጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንዱ አገር ማየት ያምረዋል፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ሌላው እርሻ ወይም ሆስቴል (ርካሽ የተጓዦች ማደሪያ) አለው፣ የሰው እጅ ያጥረዋል። «መጥተህ በቀን ጥቂት ሰዓት አግዘኝ፤ እኔ ደግሞ ላብላህ፣ ላሳድርህ» ይለዋል። እስከዚህ ድረስ እኔም እወደዋለሁ። የሚያስቸግረኝ በዙሪያው የሚወራው ነው።

«ገንዘብ ካልተቀበልኩ ሠራተኛ አይደለሁም»

ከሁሉም የሚበዛው ይሄኛው ነው። የሚሉትም ከልባቸው ነው። ሕግ ግን ስሜት አይጠይቅም፤ ምን ተሰጠ፣ በምትኩ ምን ተገኘ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ጉዳይ አለ። የቶኒ እና ሱዛን አላሞ ፋውንዴሽን የሚባል ሃይማኖታዊ ድርጅት ነዳጅ ማደያ፣ የልብስ መደብር፣ የአሳማ እርባታ ሳይቀር ነበረው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ደሞዝ የላቸውም፤ የሚያገኙት ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው። የሚገርመው፣ ራሳቸው ቀርበው «እኛ ተቀጣሪ አይደለንም፣ ክፍያም አንጠብቅም» ብለው መሰከሩ። ፍርድ ቤቱ ግን በሙሉ ድምፅ ተቀጣሪ ናችሁ አላቸው። ምግቡና መጠለያው በሌላ መልክ የተከፈለ ደሞዝ ነው። «በፈቃዴ ነው» ያለ ሁሉ ከሕጉ ውጭ ከሆነ፣ አቅም ያለው አሠሪ ሠራተኛውን እንደዚያ ማስባል አያቅተውም።

የኢሚግሬሽን ሰዎችም የሚያስቡት በዚሁ መንገድ ነው። ኒውዚላንድ በሥራ የተገኘ ምግብና መኝታን እንደ ጥቅም ስለምትቆጥር፣ የጎብኚ ቪዛ ብቻውን አይበቃም። ብሪታኒያ ደግሞ ጎብኚ በጎ ፈቃድ እንዲሠራ የምትፈቅደው ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ያውም እስከ 30 ቀን ነው። የሆስቴል አንሶላ መቀየር በጎ አድራጎት አይደለም። ድንበር ላይ ቢያዝ የሚመለሰው ተጓዡ ነው፤ ባለቤቱማ አልጋውን ለሌላ ይሰጣል።

«እኔና እሱ ከተስማማን ማን ይጎዳል?»

ሦስተኛው ሰው። ስሙን የማታውቁት፣ ያንን ሥራ በደሞዝ ይሠራ የነበረው ሰው። እኔ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ነገ ዕቃዬን ሸክፌ ብሄድ ባለቤቱ ሰው መቅጠር ይኖርበታል? መልሱ «አዎ» ከሆነ የሰው ቦታ ይዣለሁ ማለት ነው። ትርፍ የሚያገኝ ሆስቴል ዓመቱን ሙሉ እንግዳ መቀበያውን በተጓዦች ሲያፈራርቅ «የባህል ልውውጥ» ሲለው፣ ይቅርታ፣ አይዋጥልኝም። የጎረቤቱ ሆስቴል ደሞዝ እየከፈለ እንዴት ይወዳደረው? የአላሞ ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤቱ ይሄንንም አንስቶታል።

እርሻ ላይ ሲሆን ግን እወላውላለሁ። ገበያ የሚያወጣው ጥቂት ቅጠላ ቅጠል ብቻ የሆነ ገበሬ፣ እኔ ባልመጣም ማንንም አይቀጥርም፤ አረሙ ያድጋል እንጂ።

«ሀሳቡ ሲጀመርም ብዝበዛ ነበር»

አይደለም። ዉፍ (WWOOF) እየተባለ የሚጠራውን የኦርጋኒክ እርሻዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረችው ሱ ኮፓርድ ለንደን ውስጥ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ገጠር መውጣት ፈለገች፣ ዘመድ ግን የላትም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድን እርሻ ላይ አግዞ መመለስ የሚቻልበትን መንገድ አመቻቸች። ሁለት ቀን የማንንም እንጀራ አይነካም። ሁለቱ ቀን ሦስት ወር ሲሆን ነገሩ ተለወጠ፣ መጠሪያው ግን እዚያው ቀረ።

«ሰዓት መቁጠር ስስት ነው»

ቁጠሩ። ያለ ምንም ይሉኝታ ቁጠሩ። ተጓዥንና ተቀባይን የሚያገናኙ እንደ ወርክአዌይ ያሉ ድረ ገጾች ራሳቸው እንደ መለኪያ የሚጠቅሱት በሳምንት 25 ሰዓት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የአውሮፓ የኦ ፔር ስምምነትም፣ ማለትም ሰው ቤት እየኖሩ ልጅ ስለመያዝና ቤት ስለማገዝ የሚደነግገው፣ በቀን ከ5 ሰዓት የማይበልጥ ሥራ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን፣ በዚያ ላይ የኪስ ገንዘብ ይላል። የኪስ ገንዘቧን ልብ በሉ።

ስሌቱ አይከብድም። ለሳምንት የአልጋና የምግብ ዋጋ 150 ነው እንበል፤ በማንኛውም ገንዘብ ይሁን። በአካባቢው የሰዓት ክፍያ 10 ከሆነ፣ 15 ሰዓት ሠርታችሁ ሒሳቡ ተዘጋ። 35 ሰዓት የሚያሠራችሁ ሰው ትርፉን 20 ሰዓት በምን ሊመልስ ነው? «ሙያ አስተምራችኋለሁ» ካለ እሺ፣ አይብ ማውጣት ወይም የጭቃ ቤት መሥራት ካስተማረ ዋጋ አለው። ሽንት ቤት ማጠብ ግን ከሁለተኛው ቀን በኋላ ትምህርት መሆኑ ያበቃል። አልጋው ስምንት ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሆነም፣ የምትቆጥሩት የአንዱን አልጋ ዋጋ ነው።

«ተቀባዩ ሁሌም አትራፊ ነው»

ይሄም ልክ አይደለም። አረም መስሎት ችግኝ የሚነቅል እንግዳ አለ። እስከ እኩለ ቀን የሚተኛም አለ። ማስተማሩ፣ ማብሰሉ፣ የተሰበረውን መጠገኑ ሰዓት ይበላል።

«ካልተመቸኝ ጥዬ እወጣለሁ»

በምን? እርሻው ከመንገድ ርቆ፣ አውቶቡስ በሳምንት አንዴ የሚያልፍበት ከሆነ? አሠሪውና አከራዩ አንድ ሰው ናቸው። በሥራ የተጋጫችሁ ማታ ማደሪያም የላችሁም። ስለዚህ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው 29ኛው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት የግዳጅ ሥራን ሲተረጉም የሚያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ የቅጣት ማስፈራሪያ መኖሩና ሰውየው በፈቃዱ አለመግባቱ። ድካም ብቻውን ግዳጅ አያደርገውም። «ፓስፖርትህ እኔ ጋ ይቀመጥ» ሲባል ግን ወሬው ተቀየረ። ፓስፖርት ለማንም አይሰጥም። የመመለሻ ትኬትና ለሁለት ሌሊት ማደሪያ የሚሆን የማይነካ ገንዘብ ሳይኖር ባይኬድ ይሻላል።

«አንድ ነገር ብሆን የጉዞ ኢንሹራንሴ አለ»

ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንስ ውሎች በጉልበት ሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። የሠራተኛ መድን እንዳይኖራችሁ ደግሞ ባለቤቱ ተቀጣሪ አይደላችሁም ብሏችኋል። መሰላል ላይ ውጣ የተባለ ሰው ይሄን የሚያነበው ከመውጣቱ በፊት ነው።