የስታኒስላቭስኪ የትወና ሥርዓት ምንድን ነው?

የስታኒስላቭስኪ ሥርዓት ተዋናይ የሚወክለውን ሰው ከውስጥ ተረድቶ፣ በመድረክ ላይ እንደ እውነተኛ ሰው እንዲያስብ፣ እንዲፈልግና እንዲያደርግ የሚያዘጋጅ የትወና ሥልጠና ዘዴ ነው። መሥራቹ በሞስኮ የተወለደው ተዋናይና አዘጋጅ ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ (1863–1938 እ.ኤ.አ.) ነው። ብዙዎች ዘዴውን የሚያውቁት ተዋናይ ስሜቱን በግድ ቀስቅሶ የሚያለቅስበት ወይም ራሱን ፈጽሞ የሚረሳበት መንገድ አድርገው ነው። ይህ አረዳድ መታረም አለበት፤ የሥርዓቱ መነሻ ስሜት በትእዛዝ አይመጣም የሚለው እውነት ነውና።

ስታኒስላቭስኪ ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች-ዳንቼንኮ ጋር በ1898 የሞስኮ አርት ቲያትርን ሲመሠርት፣ በዘመኑ መድረክ የተለመደው ወደ ተመልካች ዞሮ ቃለ ተውኔትን ማነብነብና ለቁጣም ለፍቅርም ከቀደሙ ተዋንያን የተወረሰ እንቅስቃሴን መደጋገም ነበር። ረጅም ልምምድና ጥንቃቄ የተሞላበት ዝግጅት ይህን በእጅጉ አሻሻለው። ዋናው ጥያቄ ግን የመጣው ዝናው ከገነነ በኋላ ነው። በ1906 በጋ ፊንላንድ ውስጥ ዕረፍት ላይ ሳለ፣ በኖርዌያዊው ጸሐፌ ተውኔት በኢብሰን ድርሰት ውስጥ ዶክተር ስቶክማንን ሆኖ ለዓመታት የተጫወተውን ሚና መለስ ብሎ መረመረ። ሚናውን መጀመሪያ ሲሠራው በሕይወቱ ካየውና ካጋጠመው ነገር የመነጨ ነበር፤ አሁን ግን የቀሩት አካሄዱና የጣቶቹ እንቅስቃሴ ብቻ ሲሆኑ፣ እነዚያን የወለደው ውስጣዊ ምክንያት ጠፍቷል። አንድ ምሽት የተሳካ ትወና በሚቀጥለውም ምሽት ሕያው ሆኖ እንዲገኝ ተዋናዩ ምን ማድረግ ይችላል? ቀሪ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ያገኛቸው መሣሪያዎች ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ። ተዋናዩ በቅድሚያ ተውኔቱ የሰጠውን ሁኔታ ያጠናል፤ ሰውየው ማን ነው፣ የት ነው ያለው፣ ከዚህ ትዕይንት በፊት ምን ገጥሞታል? ቀጥሎ «እኔ በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የሌለውን አለ ብሎ እንዲያምን አያስገድደውም፤ ምናቡን ግን ያነሣሣዋል። ከዚያም በእያንዳንዱ የትዕይንቱ ክፍል ገጸ ባሕርይው ከፊቱ ካለው ሰው ምን እንደሚፈልግ ይለያል፤ እነዚህ ትንንሽ ግቦችም ተያይዘው ሚናውን ሁሉ ወደሚስበው የበላይ ግብ ያመራሉ።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በአማርኛ የምናውቀው የሼክስፒር ተውኔት «ኦቴሎ» ነገሩን በደንብ ያሳያል። የኦቴሎ የበታች መኮንን የሆነው ኢያጎ በኦቴሎ ሚስት በዴዝዴሞና ላይ ጥርጣሬ መዝራት በሚጀምርበት ትዕይንት፣ «ቅናትን እጫወታለሁ» ብሎ የሚገባ ተዋናይ ገና ከጅምሩ ዐይኑን ያፈጣል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ ተመልካቹም የቅናትን ምልክት ያያል እንጂ የሚቀናውን ሰው አያይም። በሥርዓቱ የሠለጠነ ተዋናይ ግን ከሁኔታው ይነሣል። ኦቴሎ የጦር አዛዥ ነው፤ ለቬኒስ ባዕድ ነው፤ ገና ሙሽራ ነው፤ የሚያናግረውን ሰው ታማኝ ብሎ ያምነዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈልገው ኢያጎ የደበቀውን እንዲያወጣ ነው፤ ከሰማ በኋላ ደግሞ ያንኑ ቃል መልሶ እንዲውጠው፣ ወይም ማስረጃ እንዲያመጣ። ተዋናዩ አጥብቆ ከጠየቀ፣ ካዳመጠ፣ የኢያጎን ፊት ከመረመረ፣ ቅናቱ ሳይጠራ ይመጣል። የሥርዓቱ ትልቁ ግኝት በእኔ እምነት ይህ ነው።

ብዙ ያከራከረው የስሜት ትውስታ የተባለው ልምምድ ነው። ስታኒስላቭስኪ ሐሳቡን ያዳበረው የፈረንሳዊውን የሥነ ልቡና ሊቅ የቴዎዱል ሪቦን ሥራ በመንተራስ ሲሆን፣ ተዋናዩ በራሱ ሕይወት ያለፈን ገጠመኝ በስሜት ሕዋሳቱ አስታውሶ ለሚናው እንዲጠቀምበት ይጠይቃል። ልምምዱ ከተማሪዎቹ በአንዱ በሪቻርድ ቦሌስላቭስኪ በኩል አሜሪካ ደረሰ፤ አሜሪካዊው የትወና አስተማሪ ሊ ስትራስበርግም የሥልጠናው ማዕከል አደረገው፤ «ሜተድ» የሚባለው የአሜሪካኖች የትወና ትምህርትም ከዚህ አደገ። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ስቴላ አድለር ግን በ1934 ፓሪስ ውስጥ ስታኒስላቭስኪን አግኝታ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ክብደቱ በግል ትውስታ ላይ ሳይሆን በምናብ፣ በተውኔቱ ሁኔታና በድርጊት ላይ መሆኑን አስታወቀች። እኔም የምደግፈው ይህንኑ ነው። የገዛ ሐዘኑን እየቆፈረ የሚጫወት ተዋናይ ዐይኑ ወደ ራሱ ስለሚዞር አብሮት ያለውን ተዋናይ መስማት ያቆማል፤ ወጣት ተማሪን ያልዳነ ቁስሉን በክፍል ፊት እንዲነካ ማድረግም ለአስተማሪ የማይገባ ድፍረት ነው።

ስታኒስላቭስኪ ራሱ በ1930ዎቹ ወደ አካላዊ ድርጊት አዘነበለ። ተዋንያን ቃለ ተውኔቱን ከመሸምደዳቸው በፊት ትዕይንቱን በራሳቸው ቃል እየሠሩ፣ ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሚያደርጉት እንዲያገኙ ይጠይቃቸው ነበር። በርን በጥንቃቄ መዝጋት ወይም ደብዳቤን መደበቅ በፈቃድ የሚሠራ ነገር ነው፤ በእውነተኛ ምክንያት ከተሠራ ደግሞ ስሜትን አስከትሎ ይመጣል። ዘዴው ለእውነታዊ ድራማ ብቻ እንደሚያገለግል የሚናገሩ አሉ፤ ነገር ግን በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ይህን አሠራር ከተዋንያኑ ጋር ሲለማመድበት የነበረው ተውኔት በግጥም የተጻፈ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሞሊየር ኮሜዲ ነበር።