ጥቁር ቲሸርት ሃይማኖት አይደለም፦ ስለ ሄቪ ሜታል አድማጮች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አማካሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት «ልጄ ሰይጣን ማምለክ ጀምሯል» የሚሉ ወላጆች በተደጋጋሚ ቢሮዬ መጥተዋል። ማስረጃቸው ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ጥቁር ቲሸርት፣ የራስ ቅል ሥዕል፣ ያደገ ፀጉር፣ ከጆሮ ማዳመጫ የሚያመልጥ የጊታር ድምፅ። ይህን መስማት ስላታከተኝ፣ ሄቪ ሜታል ስለሚባለው በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ከባድ የሮክ ሙዚቃ አድማጮች የሚባለውን አንድ በአንድ አነሣለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ጩኸት እንጂ ሙዚቃ አይደለም።» በገና ያንን የሚነዝር ወፍራም ድምፁን የሚያገኘው ከአውታሮቹ ሥር ከሚገቡት የቆዳ እንዚራዎች ነው። የሄቪ ሜታል ጊታርም እንዲሁ ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል።

«የነጮች ነገር ነው።» ሥሩ ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው፤ ዛሬም ቦትስዋናና ኬንያ የራሳቸው ባንዶችና አድማጮች አሏቸው።

«ቁጡ ያደርጋል።» በ2015 የታተመ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 የሆኑ 39 የሄቪ ሜታልና የመሰል ከባድ ሙዚቃዎች አድማጮችን ሆን ብሎ አናድዶ፣ ገሚሶቹን የራሳቸውን ሙዚቃ አሰማቸው፤ ገሚሶቹን በዝምታ አስቀመጣቸው። ሙዚቃውን የሰሙት ቁጣቸው አልባሰም፤ በዝምታ እንደተቀመጡት ሁሉ በረደላቸው። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ያለ አንዳች ጥናት ከሚነገረው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው።» በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠሉ የዚህ ሙዚቃ ሰዎች እንደነበሩ አልክድም፤ ወንጀል ነው፣ የተፈረደባቸውም አሉ። ነገር ግን የጥቂቶች ወንጀል በሚሊዮኖች ራስ ላይ አይጫንም። ሙዚቃው የተወለደው በእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባት የተባለው የዚያ ከተማ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ ገና በወጣትነቱ በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት፤ ከፕላስቲክ ቆብ ሠርቶ ጣቶቹ ላይ አጠለቀ፣ በኋላም ጣቱን እንዳያሳምመው የጊታሩን ክሮች አላላ፤ ዛሬ «የሰይጣን» የሚባለው ያ ከባድ ድምፅ የአንድ የቆሰለ ሠራተኛ መላ ነው። የባንዱን ግጥሞች በብዛት የጻፈው ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ሰው ነው። ስትራይፐር የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ደግሞ ከመድረክ ላይ ለታዳሚው መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውር ነበር።

በልብስና በዘፈን ሰውን መፍረድ የት እንደሚያደርስ አሜሪካ አይታዋለች። በአርካንሳስ ግዛት፣ በዌስት ሜምፊስ፣ በ1993 ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ ሦስት ወጣቶች ተፈረደባቸው፤ የአንደኛው ጥቁር ልብስና የሚሰማው ሙዚቃ ሳይቀር ፍርድ ቤት ቀረበበት። ሞት የተፈረደበት እሱ ነበር። ከ18 ዓመታት እስር በኋላ፣ በ2011፣ ሦስቱም ተለቀቁ።

እኛ ጎንደሬዎች ግን ይህን ከአሜሪካ መማር አልነበረብንም። ወለቃ ለከተማችን ቅርብ ነው። እዚያ ብረት ይቀጠቅጡና ሸክላ ይሠሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን፣ የምናርስበትን ማረሻና የምንጋግርበትን ምጣድ ሠርተው እየሰጡን፣ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ተብለው ከማዕድ ተገልለዋል። ያን ጊዜ የፈራነው የእጃቸውን ሙያ ነበር፤ አሁን የምንፈራው የልጆቻችንን የጆሮ ማዳመጫ ነው።

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። የክፍል ጓደኞቹ አብረውት መቀመጥ ትተዋል፤ እናቱም ሳይጠይቁት ለሁለት ሳምንት ጸበል ወስደውታል። በጸበሉ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ቅሬታዬ ልጁን የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ነው። ዝምተኛ የሆነው በሙዚቃው ሳይሆን ወንበሩ አጠገብ ሰው ስላጣ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅዎ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ውጤቱ በድንገት ካሽቆለቆለ ይጨነቁ፤ መዝሙር ብቻ የሚሰማ ልጅ ቢሆንም እንኳ ይጨነቁ። ቲሸርቱን አይቅደዱ፣ ስልኩን አይንጠቁ። ድምፁን ይቀንስ ዘንድ ይምከሩት፤ ጆሮ በከፍተኛ ድምፅ በእርግጥ ይጎዳል። አንድ ዘፈን አብረውት ይስሙና ግጥሙን እንዲተረጉምልዎ ይጠይቁት። መምህራን ወንበሩን ወደ ጥግ አይግፉበት። ቤት አከራዮችም ተከራያቸው ኪራዩን በወቅቱ መክፈሉን ይጠይቁ እንጂ ፀጉሩን አይለኩ።

የዚያን ተማሪ እናት ቢሮዬ ድረስ ጠርቼ ይህንኑ አደረግን። ልጁ ከጦር ሜዳ ስላልተመለሰ ወታደር የሚናገረውን ዘፈን መረጠና ስንኝ በስንኝ ተረጎመላቸው። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ይሄማ ሙሾ ነው» አሉ።